እንዳይደርቁ አደራ

ነገሩን የሰማሁት ገና ተላላኪ ሳለሁ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በመሀላችን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነበር። እኔ ፋይል ታቅፌ ፊርማ እጠብቃለሁ፣ ከወዲያ ሁለት ሰዎች ሻይ እየጠጡ ያወራሉ። መጀመሪያውን አልሰማሁትም። «ሳጥኖቹን ገልብጦ ደርድሯቸው ነዋ» አለ አንዱ። «ከላይ የወጣው ድንጋይ ከታች፣ የታቹ ከላይ ተብሎ ተጻፈ።» «ማን ነው የደረደረው?» «ተሸካሚው፣ ያ ረጅሙ ልጅ…» ስሙን ጠርቶት ነበር፣ አሁን ጠፋኝ። «ተራ እንዳለው ነግረውት ነበር?» ከዚህ በኋላ ሳቅ የሰማሁ ይመስለኛል፤ ወይም ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሆናል። «ሰው መባረር ነበረበት፣ እሱ ተባረረ» አለ መልሶ ያው ሰውዬ። ፋይሉ ተፈርሞ መጣልኝና ወጣሁ። ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ተራ እንዳለው ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የጥምቀት ማግስት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ይህ ወሬ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስብኝ ዋለ። ለክርስቲያኑ ቃና ዘገሊላ ነበር፤ ለእኛ ረመዳን ሃያውን አልፎ የመጨረሻዎቹ ቀናት ገብተዋል። ጠዋት ከእህቴ ከሰኪና ጋር ከሲኤምሲ ጀርባ ካለው ግቢያችን ወጥተን በመገናኛ በኩል ወደ ገርጂ በታክሲ ሄድን። እሷ ከወያላው አጠገብ፣ እኔ ከኋላ ወንበር። የሁለታችንንም ስልሳ ስልሳ ሳንቲም ቀድማ ከፈለችና ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ሁልጊዜም እንደዚያ ናት። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ወሎ ሳለን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ሲሞት ልጇን ሰልዋን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች፤ ከሁለት ዓመት በፊት እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ በጽዳት አስቀጠርኳት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በር ላይ አቁሜ «እቴ፣ በኔ ስም ነው የገባሽው። አታሳፍሪኝ» አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። በአንድ ትሪ እንበላለን፣ በአንድ ታክሲ እንሄዳለን፣ ስለ ሰልዋ ትምህርት፣ ስለ ተምር ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት እናወራለን፤ የገርጂው በር ጋ ስንደርስ ወሬው ያልቃል።

ላቦራቶሪያችን ከአንድ ነጋዴ የተከራየ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ነው። ሳሎኑ የኃላፊው ቢሮ ሆኗል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ ገንዳው ላይ ጣውላ ተጋድሞ፣ የድንጋይ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ሚዛኑ ያለው የልጆች መኝታ ቤት በነበረው ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የወረቀት ዝሆን አለ፣ የሚልጠው ሰው ጠፍቶ እዚያው ቀርቷል። የማፍላቱ ሥራ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚካሄደው፣ ጭስ መውጫ ስላለው። ሥራው ባጭሩ ይህ ነው። ከመሬት በታች ከሁለት ሺህ ሜትር የወጣ ድንጋይ ለዓይን ድፍን ቢመስልም እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ውስጥ ውሃ አለ፣ ወይ ዘይት፣ ወይ ጋዝ። ምን ያህሉ ውሃ እንደሆነ ለክቶ መንገር የእኛ ድርሻ ነው። ድንጋዩ እንደ ወፍራም ሻማ ቁራጭ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ይመዘናል፣ ከዚያ ቶሉዊን በሚባል ፈሳሽ እንፋሎት ሲቀቀል ይውላል። በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ይወጣና ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ጠብ ጠብ እያለ መስመር ወደተሰመረበት ቱቦ ይወርዳል። ውሃ ከቶሉዊን ስለሚከብድ ከታች ይረጋል፣ ወሰኑ ልክ እንደ ክር ሆኖ ይታያል። እኔ ይህን ሥራ በትምህርት ቤት አልተማርኩትም። ፈረንጆቹ ሲሠሩ ዕቃ እያጠብኩ ሳዳምጥ፣ ኋላም መጽሐፋቸውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው የያዝኩት። የጋዝ ድንጋይ ከሆነ ከአንድ ናሙና ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣል። አምስት ከወጣ ድንጋዩ ውሃ ነው፤ ጉድጓዱም ይደፈናል፣ የወጣበት ድካምና ገንዘብ እዚያው ይቀበራል።

ከአንድ ሳጥን ድንጋይ ላይ ባለፈው ሳምንት ሁለት ናሙና ሠርቼ ነበር። አንዱ ሁለት ነጥብ አንድ፣ ሌላው አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሰጠኝ። ዓርብ ደግሞ ከዚያው ሳጥን ስምንት ቆረጥን። እኔ መዘንኳቸው፣ ክብደታቸውን መዝገብ ላይ ጻፍኩ፤ ኬሚስቱ አሌክስ ጠቀለላቸው። አሌክስ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው፣ ቀልደኛ፣ እጁ ፈጣን ልጅ ነው። የፕላስቲኩ ጥቅል አልቆ ስለነበር በፎይል ብቻ ጠቀለላቸውና ፍሪጅ ውስጥ ደረደራቸው። እኔ ለጁምዓ ሰላት ወጥቼ ስመለስ እሱ ለከተራ ዝግጅት ሊሄድ ቦርሳውን አንግቷል። ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ቢሮው ዝግ ነው፤ በዓሉ የእሷ ስላልሆነ ቁልፉ የሚቀረው ሰኪና ጋ ነው። በር ላይ ቆሞ ሲነግራት የመጨረሻውን ቃል ሰምቼዋለሁ። «እትዬ ሰኪና፣ ፍሪጅ ውስጥ ያሉት እንዳይደርቁ አደራ!»

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ስንገባ ስድስቱን በስድስቱ ዕቃ አሌክስ ጭኗቸው ቆየኝ፤ ስምንቱን ባንድ ጊዜ የሚይዝ ዕቃ የለንም። ሪፖርቱን በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉድጓዱን የሚያስቆፍረው ኩባንያ መኪና መጥታ ትወስደዋለች፤ ማታውኑ ወደ ውጭ አገር አማካሪዎቹ ይላካል ተብሎ ነበር። የቶሉዊን ሽታ በጾም ሆድ ይከብዳል፣ መስኮቱን ከፍቼ ቆምኩ። ከሳሊተ ምሕረት ይሁን ከሌላ ደብር የከበሮ ድምፅ በሩቁ ይመጣል፣ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቀን ነው። ጤዛው ጠብ ማለት ጀመረ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤ ፈጠነብኝ። በአራት ሰዓት የመጀመሪያው ቱቦ ሦስትን አለፈ። በስድስት ሰዓት ስድስቱም አራት ተኩልና አምስት ላይ ነበሩ፤ አንዱ አምስት ነጥብ አራት።

«ጋሽ ሐምዛ» አለ አሌክስ፣ ቱቦውን በጥፍሩ ነካ ነካ እያደረገ፣ «ይሄ ድንጋይ ሳናውቀው ጃንሜዳ ሄዶ ተጠምቆ መጣ እንዴ?»

አልሳቅሁም። አቶ ገብረትንሣኤ ገቡ። ኃላፊያችን ናቸው፤ ሩማንያ የተማሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው። ኮታቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው ስድስቱንም በተራ አነበቡ፣ ከዚያ መዝገቡን ገለጡ።

«እነዚህ ሁለትና አንድ ነጥብ ዘጠኝ የሚሉት የማን ናቸው?»

«የኔ ናቸው» አልኩ። «ባለፈው ሳምንት።»

«እንግዲያው ይሰረዛሉ። ስድስት ለሁለት ነው።»

«አቶ ገብረትንሣኤ፣ ምርጫ ሆነ እንዴ?» አለ አሌክስ ሳቅ ብሎ። ሲያዩት ወደ ቱቦዎቹ ዞረ።

ወደ እኔ ዞሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። «ሐምዛ፣ እጅህ ጥሩ ነው። ግን ወሩን ሙሉ ሳትበላ ሳትጠጣ እየዋልክ መስመር ማንበብ… ሰው ነህ፣ ዓይንም ይደክማል። ከነገ ጀምሮ ንባቡን አሌክስ ይያዘው፣ አንተ ዕቃ ዕቃውን ተቆጣጠር።» ይህን ብለው ሪፖርቱን ሊጽፉ ሄዱ። ዕቃ ማጠብ ማለታቸው ነው። የጀመርኩበት ሥራ ነው፣ አላስከፋኝም ብል ግን እዋሻለሁ።

ዙህርን እንደወትሮው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ ከሳጥኖቹ አጠገብ ካርቶን አንጥፌ ሰገድኩ። ስነሳ ልቤ ረጋ አለልኝ፤ ሲረጋ ደግሞ አንድ ነገር ታሰበኝ። አሌክስ ጠዋት ድንጋዮቹን ሲጭን ሚዛኑ ክፍል አልገባም። የዓርቡ ክብደት መዝገብ ላይ ስላለ በዚያው ሄዷል። ሁለት ያልተቀቀሉ ድንጋዮች ግን ፍሪጅ ውስጥ ቀርተዋል። አንዱን አወጣሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ዓርብ ዘጠና አራት ነጥብ አንድ ሁለት ግራም ነበር፣ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። አሁን ዘጠና ሰባት ነጥብ አምስት ስምንት። አነሳሁት፣ ሚዛኑን ዜሮ አደረግሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜም ያው ነው። ሁለተኛው ድንጋይም ሦስት ግራም ጨምሯል። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ ሊቀልል ይችላል፣ ቀስ በቀስ ስለሚደርቅ፤ ሲከብድ ግን አይቼ አላውቅም። ፎይሉን ዘርግቼ በብርሃን አየሁት። ከውስጥ በኩል አንድ ነጭ የጥጥ ክር ተጣብቆበታል። የፎይሉ ጫፍም እንደ አሌክስ አጠቃለል የተጨማደደ አይደለም፤ አራቱም ማዕዘን ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በጣት ተዳምጦ፣ ልክ እቴ ለሱሁር የምትጠቀልልልኝን ቂጣ መስሏል። ዝሆኑ ግድግዳው ላይ ሆኖ ያየኛል።

እቴ ከጓሮ ነበረች፤ የመወልወያ ጨርቆች ገመድ ላይ ታሰጣለች። ጥበቃው ጉዲና አጥሩ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ይጎረጉራል፤ እስኪርቅ ጠበቅሁ።

«እቴ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች ነክተሻቸዋል?»

«ነክቻለሁ። ምነው፣ ደረቁ?»

«አልደረቁም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች፣ ፊቷ በራ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራ ይህን ያህል ስታወራኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ቅዳሜ መብራት ሄደ። ከፍቼ ባይ ፍሪጁ ሞቋል፤ አንዱን ገልጬ ብዳስሰው ውጪው አመድ መስሏል። አደራ ተብዬ የለ? ከአሮጌው ነጠላዬ ቀደድኩና ነክሬ፣ አንድ በአንድ ጠቀለልኳቸው። ጠዋት አንዴ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ አንዴ ውሃ አርከፈክፋለሁ። እሑድም ሰኞም። ትላንትማ መንገዱ በታቦት ተዘግቶ ከመገናኛ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ጉሮሮዬ ደርቆ። ማታ መብራቱ ሲመጣ ጨርቁን አነሳሁና በየወረቀታቸው መለስኳቸው። በዓል ውሎ የገባ ሰው ተዝረክርኮ እንዳያገኘው ብዬ።»

ጨርቁን ከእጇ ተቀብዬ እኔ አሰጣሁት። ከዚያ ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ ድንጋዩ ከጥልቅ ይዞት የመጣውን ውሃ ነው የምንለካው፣ ከላይ የተጨመረው ገብቶበት አሁን የትኛው የየት እንደሆነ አይለይም፤ እንዳይደርቅ ማለት ሳይከፈት ይቆይ ማለት ነበር። እየሰማችኝ ፊቷ ቀስ በቀስ ተዘጋ። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ደረቅ እጇን ደግማ ጠረገች።

«ሦስት ቀን ሙሉ አብረን ስናፈጥር ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አታሳፍሪኝ ብለኸኛላ» አለች። «ይሄን አታውቅም እንዳትለኝ ብዬ ነዋ።»

ጉዲና ሬዲዮውን ይዞ ተመለሰ፤ ዜና እያለ ነበር፣ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ኮንትራቷ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ነው። ሰልዋ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች፣ የምትማርበትም የምትለብሰውም ከዚችው ደመወዝ ነው። በሃምሳ አራት ዓመቷ ሌላ ማን ይቀጥራታል? ዝም ብል ሪፖርቱ ይሄዳል፣ ማንም አይነካትም፤ የሚሰረዙት የኔ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፣ ጉድጓዱም ውሃ ተብሎ ይደፈናል። ይህን ሁሉ ቆሜ አሰብኩት፤ አስቤም አላህን አፈርኩት። «እኔ ነኝ ያረጠብኳቸው እላለሁ» አልኳት። «እኔን ቢቆጡኝ ነው። ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ።»

አየችኝና «በጾምህ?» ብላ ብቻ ባልዲዋን አነሳች።

አሌክስን ወጥ ቤት አገኘነው፣ ካልኩሌተር እየመታ። ሁለቱን ክብደቶች በወረቀት ጽፌ አጠገቡ አስቀመጥኩለት፣ ክሩንም አሳየሁት። ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም፣ ጎበዝ ልጅ ነው። መጀመሪያ ወደ ድንጋዩ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ በሩ። «ጋሽ ሐምዛ፣ እኔ እኮ ፕሮቤሽን ላይ ነኝ። ቋሚ ለመሆን ሁለት ወር ነው የቀረኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሳልመዝን መጫኔን ቢሰሙ… ሰውዬውን ታውቃቸዋለህ። እትዬ ሰኪና፣ እኔ እኮ እንዳይደርቁ ነው ያልኩሽ፣ አርጥቢያቸው አላልኩም፤ ብያለሁ እንዴ?»

«አላልክም» አለች። «አይዞህ፣ አንተ ልጅ ነህ። ስምህን አልጠራውም።»

ካልኩሌተሩን አጠፋው። ብትሰድበው የሚሻለው ይመስለኛል። እኛ ስንወጣ ከስድስቱ ጠርሙሶች መሀል ቆሞ ቀረ፤ ጠብታው አሁንም ይሰማል።

አሥር ሰዓት ገደማ አቶ ገብረትንሣኤ ቢሮ ገባን። ሳሎኑ ትልቅ ነው፣ የነጋዴው የእሳት ማንደጃ ዛሬም አለ፣ ውስጡ የፋይል ክምር ተቀምጦበታል። እኔ አፌን ሳልከፍት እቴ ቀደመችኝ። ቆማ፣ እጇን አጣምራ፣ መብራት ከሄደበት ሰዓት ጀምሮ ጨርቁን እስካነሳችበት ድረስ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እሳቸው እስክሪብቶውን ይዘው ሰሟት። ሦስት ገጽ ጽፈው ነበር። ሁለቱን ክብደቶች አቀረብኩላቸው፤ እያዩ ሦስተኛውን ገጽ ቀስ ብለው ገለበጡት፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆነ።

«ማነው ይሄን አድርጊ ያለሽ?»

«ማንም። እንዳይደርቁ ብዬ ነው።»

«ስምንት ናሙና!» አሉ። አልጮኹም፣ ድምፃቸው ግን ተለወጠ። «ሴትዮ፣ እነዚህን ለማውጣት ስንት ወር እንደተቆፈረ ታውቂያለሽ? ይሄ እኮ የሚወለወል ወለል አይደለም።» ከዚያ ሌላ ወረቀት ስበው መጻፍ ጀመሩ። የጻፉትን ለእኔ ዘረጉልኝ፣ አንብብላት አሉኝ። እቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራለች፣ የታተመ ነገር ታነባለች፤ የሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ግን እኔም የለመድኩት በስንት ዓመት ነው። ማንበብ ጀመርኩ። «እኔ ሰኪና ይማም፣ በጽዳት ሥራ ላይ ተመድቤ ስሠራ…» እያልኩ ወረድኩና ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል አየሁ። እንዲያ የሚል ወረቀት ፋይሏ ውስጥ ከገባ ኮንትራቷ አይታደስም፤ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ቃሉን ብዘለው የሚያውቅብኝ አልነበረም፣ ትፈርማለች፣ ወጥተን እንሄዳለን። ምላሴ እዚያ ቃል ላይ ደርሳ ቆመች። አነበብኩት። «…በግዴለሽነት በናሙናዎቹ ላይ ውሃ በማፍሰስ ጉዳት ማድረሴን አምናለሁ።»

«እስቲ እሱን ድገመው» አለችኝ።

«በግዴለሽነት።»

እስክሪብቶውን ሰጥተዋት ነበር፤ መልሳ ጠረጴዛው ላይ፣ እሳቸው ፊት፣ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ጌታዬ፣ ውሃ አፍስሻለሁ። አበላሽቻለሁ። እንዲያ ብለው ይጻፉ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ግዴለሽ ግን አይደለሁም። ሦስት ቀን ጾሜን ይዤ፣ ጠዋትና ማታ፣ በእግሬ እየመጣሁ ነው ያጠጣኋቸው። ግድ ባይኖረኝ ቤቴ እተኛ ነበር፣ ድንጋዮቹም ደህና ይሆኑ ነበር።»

«ካልፈረምሽ ሌላ ደብዳቤ ነው የምሰጥሽ። የሥራ ማሰናበቻ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል። ይስጡኝ።»

እኔ ወለሉን አየሁ። ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የሌለ ይመስል ነበር። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አዳምጫለሁ፣ ዝም ማለቴንም እንደ ትዕግሥት ስቆጥረው ኖሬአለሁ። «አቶ ገብረትንሣኤ» አልኩ፣ «እኔም አልነገርኳትም። ዓርብ ዕለት አደራ ስትባል እዚያው ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዴት እንደሚጠበቅ ልንገራት አላልኩም።»

«አደራ ያላት ማነው?»

እቴ በዓይኗ ያዘችኝ። በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳና አሌክስ ገባ። ጋዋኑን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሎታል፣ እንደሚሰናበት ሰው። በሩ ሥር ሲያዳምጥ እንደቆየ ከፊቱ ያስታውቃል።

«እኔ ነኝ» አለ። «በር ላይ እየሮጥኩ ነው የነገርኳት፣ አንድ ቃል። ፕላስቲኩም አልቆ ነበር፣ በፎይል ብቻ ነው የጠቀለልኩት፣ ይሄንንም አልተናገርኩም። ጠዋት ደግሞ… ሳልመዝን ነው የጫንኳቸው።»

«ሳትመዝን?»

«የዓርቡ ክብደት አለ ብዬ።»

አቶ ገብረትንሣኤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በሁለት ጣት አሹ። ከውጭ ጥሩምባ ተሰማ። ወዲያው ጉዲና በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስገባ። «ጌቶች፣ የኩባንያዋ መኪና መጥታለች። ሾፌሩ ሞተር ላጥፋ ወይስ እንዲሁ ትሰጡኛላችሁ ይላል፤ ከተማው በታቦት ተዘግቷል፣ ቸኩያለሁ ነው የሚለው።»

አቶ ገብረትንሣኤ የገለበጡትን ሦስተኛ ገጽ አንስተው አዩት። ተፈርሞ፣ ማኅተም ብቻ ነበር የቀረው። እዚያው ፖስታ ውስጥ ቢከቱት ቀኑ ያልቃል፤ ስድስት ቁጥር አለ፣ ስድስቱም በትክክል የተነበቡ ናቸው፣ ከዚህ ክፍል ውጪ የሚያውቅ የለም። ይህን እያሰቡ እንደሆነ አወቅሁ፣ እኔም ጓሮ ቆሜ አስቤው ነበርና። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ቆየ።

«ሐምዛ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ። «ከዚያው ሳጥን የሚቆረጥ ተርፏል?»

«ተርፏል። በሰም እንደተሸፈነ ነው፣ አልተከፈተም።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ሐሙስ ብንቆርጥ፣ ፕላስቲክ ከተገዛ፣ ለሰኞ።»

«ማን ያነበዋል?» አሉ፤ ከዚያ እኔ ሳልመልስ ራሳቸው «አንተ አንብበው» አሉ። ወደ መስኮቱ ዞረው ለጉዲና «ሞተሩን ያጥፋ በለው» አሉት።

የእቴን ወረቀት ወደራሳቸው ሳቡ። «በግዴለሽነት» የምትለውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዟት፤ ቆይተው ወረቀቱን እንዳለ ቀደዱትና አዲስ ጻፉ። በዚህ ጊዜ ለእኔ አልሰጡኝም፣ ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡላት። በበዓሉ ቀናት ናሙናዎቹ እንዳይደርቁ አደራ እንደተባለች፣ እንዴት እንደሚጠበቁ ግን ከእኛ ከማናችንም እንዳልተነገራት፣ ለመጠበቅ ብላ ውሃ እንዳርከፈከፈችባቸው፣ በሥራዋም እንደምትቀጥል። «እንዲህ ነው የሆነው?» ሲሏት «አዎ፣ እንዲህ ነው» አለች። ጎንበስ ብላ ስሟን ጻፈች፤ ሦስት ፊደል ናት፣ ጊዜ ወሰደባት፣ ማንም አላቻኮላትም። ከሥሯ አሌክስ ፈረመ፣ ከሱ ቀጥሎ እኔ።

«ለኩባንያውስ ምን እንበል?» አለ አሌክስ። «መብራት ጠፍቶ ተበላሸ እንበላቸው እንዴ?»

ሳሎኑ ውስጥ ፀሐዩ ዝቅ ብሎ ከፋይሎቹ ላይ ደርሶ ነበር። አቶ ገብረትንሣኤ እሺ እንደሚሉ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከእኛ አንዳችን የሆነ ነገር እንደለመናቸው ሁሉ። ስምንቱ ናሙናዎች እዚህ በላቦራቶሪያችን ውስጥ ውሃ እንደነካቸው፣ የዛሬው ቁጥር እንዳይቆጠር፣ ያለፈው ሳምንት ሁለቱ እንዲጸኑ፣ አዲሶቹ ሰኞ እንደሚደርሱ ሊጽፉላቸው፤ ከሥሩም የራሳቸውን ስም ብቻ ሊያኖሩ ተስማሙ። «ሾፌሩ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ» አሉና ንጹሕ ወረቀት አወጡ።